ዐብዲራዛቅ ለእትዬ ማዘንጊያ የሠራው ወንበር

ፔጆዋ የተሸጠች ቀን ዐብዲራዛቅ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቆሞ ገዢው ወደ ኋላ ሲያወጣት ያይ ነበር። "ቀስ በል፣ ቀስ... መሪውን ወደ ግራ... በቃ!" እያለ በእጁ ምልክት ሲሰጥ፣ መኪናዋ አሁንም የእሱ የሆነች ይመስል ነበር። የሳቢያን ሰፈርን ኮረኮንች እየተንገጫገጨች ከመታጠፊያው ከተሰወረች በኋላም እጁ አልወረደም። ሚስቱ ሃሊሞ ከውስጥ ሆና "ሄዳለች እኮ አቦ! ግባ፣ ፀሐይ ነው" ባትለው ኖሮ እዚያው ተገትሮ ይውል ነበር።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከድሬ ጂቡቲ ከባድ መኪና ነድቷል። በስልሳ አንድ ዓመቱ የግራ ዓይኑ ከዳር በኩል እየጨለመ መጣ። ሐኪሙ መረመረውና "ከእንግዲህ መሪ እንዳትይዝ" አለው። ዐብዲራዛቅ አልተከራከረም። "ፔጆዋን እስከ ቤት ድረስ ብቻ ልንዳት?" ብሎ ጠየቀ እንጂ። እሱም አልተፈቀደለትም። መኪናዋን ሌላ ሰው ነዳለት፤ እሱ በባጃጅ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ባዶ ጋራዥ ነበር፤ ሲሚንቶው ወለል ላይ የዘይት እድፍ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ ጎማ። ከሰዓት በኋላ ጓደኞቹ በርጫ ላይ ይጠሩት ነበር። ጫቱንም ሐኪሙ ስለከለከለው አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዞ አጠገባቸው ይቀመጣል። እነሱ ግን የሚያወሩት ስለ መንገድ ነው፤ የትኛው ድልድይ እንደፈረሰ፣ የትኛው ኬላ ላይ ማን እንዳደረ። ውሎ አድሮ መሄዱን ተወ።

የእንጨት ሥራ የጀመረው እንዲህ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ሰሞን ነው። ጎረቤት ያለ ነጋዴ ዕቃ የመጣባቸውን የእንጨት ፓሌቶች ከአጥሩ ሥር ጥሏቸው አየ። ሁለቱን ጎትቶ ወደ ጋራዡ አስገባና ፈታታቸው። ከገበያ መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮና ሞርሳ ገዛ። ስልኩ ላይ የአንድ ቱርካዊ አናጢ ቪዲዮ እያየ፣ ቋንቋውን ሳይሰማ እጁን ብቻ እየተከተለ፣ በሳምንቱ ለሃሊሞ የጫማ መደርደሪያ ሠራላት።

ችግሩ ዐብዲራዛቅ እንጨትን የሚያውቀው እንደ ጭነት መሆኑ ነው። ጭነት ደግሞ ይታሰራል፣ ይጠብቃል፣ ዳገት ቁልቁለት ቢወጣ ቢወርድ መነቃነቅ የለበትም። ስለዚህ ምስማር ናቀና ብሎን አነሳ። የሠራው በርጩማ ሁሉ እንደ መኪና ሻንሲ በብሎን የተወጠረ ነበር፤ አንዱን ለማንሳት ወገብ ጠበቅ ማድረግ ይጠይቃል። ግን ደስ ብሎት ይሠራ ነበር። ጠዋት ሰጋቱራው ሲሸተው የሆነ ቦታ የሚጠበቅ ሰው የሆነ ይመስለዋል። የሠራውን ለራሱ አያስቀርም። ለልጁ ለኢፍራህ የግድግዳ መደርደሪያ፣ ለመስጊዱ የጫማ ማስቀመጫ፣ ለየጎረቤቱ በርጩማ። ሁሉም "ማሻአላህ!" ይሉታል፤ እሱም እግሩ መሬት ሳይነካ ይመለሳል።

አንድ ጊዜ ብቻ ሰፈሩ አጉረመረመበት። ድሬ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ትተኛለች፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ምንጣፉን ዘርግቶ ጋደም ይላል፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት የዐብዲራዛቅ መዶሻ ሲጮህ ማን ይታገሳል? የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡና በዚያ ሰዓት መዶሻ እንዳይነሳ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ እኩለ ቀን ላይ ከጋራዡ የሚሰማው የብርጭቆ ወረቀት ሹክሹክታ ብቻ ሆነ።

በአጥር የሚዋሰኑት እትዬ ማዘንጊያ ናቸው። ባለቤታቸው የምድር ባቡር ሰው ነበሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ እትዬ ማዘንጊያ ከከዚራ ሰፈር ወጥተው ከልጃቸው ከማርቲ ጋር ሳቢያን መኖር ጀመሩ። ድሬ ላይ ትልቅ ትንሹ አንተና አንቺ ነው የሚባባለው፤ ዐብዲራዛቅም ሹሙንም ሼኩንም "አንተ" እያለ ያደገ ነው። እትዬ ማዘንጊያን ብቻ "እርስዎ" ይላቸዋል። ለምን እንደሆነ ቢጠየቅ አያውቀውም። ምናልባት አስተያየታቸው ነው፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሰውን ሲያዩት እንደ ትኬት ተቆጣጣሪ ነው።

እንጨት በጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮ በሚያጮህበት ወር፣ እትዬ ማዘንጊያ ወደ ጓሮው መጸዳጃ ቤት ሲወርዱ እግራቸው ከዳቸው። የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ገብተው ብረት ተደረገላቸውና በሁለት ሳምንታቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ሐኪሙ ሁለት ወር በዚያ እግር መርገጥ ክልክል ነው ብሏል። ከአልጋ ወርደው የሚቀመጡበት፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ የመጸዳጃ ወንበር ያስፈልጋቸዋል። ማርቲ ድሬን ዞራ ዞራ አንድ አገኘች፤ እግሩ ቀጭን፣ መቀመጫው ላስቲክ። ወለላቸው ደግሞ እኩል አይደለም። እትዬ ማዘንጊያ በተቀመጡበት የመጀመሪያ ቀን ወንበሩ ወደ ጎን ዘመመ፤ ማርቲ በብብታቸው ባትይዛቸው ኖሮ ዳግም ተሰብረው ነበር።

ማርቲ የሕፃናት መምህር ናት፤ ጠዋት ሄዳ ምሳ ላይ ትመለሳለች። ከዚያ ቀን በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ቀን ወደ ሃሊሞ መጣችና ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት።

"ምን ሆንሽ?" አለች ሃሊሞ ደንግጣ።

"እማዬ ውሃ አልጠጣም አለች።"

"በዚህ ሙቀት? ለምን?"

"እንዳትወጣ ነዋ። ያንን ወንበር ፈራችው። አልጋው ላይ በሳህን ላድርግልሽ ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ቀኑን ሙሉ አንድ ስኒ ሻይ ብቻ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ትናንት ማታ ደግሞ ስሜን ተሳስታ በእህቷ ስም ጠራችኝ።"

ሃሊሞ ማርቲን አረጋግታ እንደሸኘቻት ቀጥታ ወደ ጋራዡ ገባች። ዐብዲራዛቅ አንድ ጣውላ ሞርሳ ውስጥ አስሮ ይልጋል።

"ስማ፣ ያንተን ዕቃ ለመነቅነቅ አራት ሰው ይፈልጋል አይደል?" አለችው።

"እንግዲህ የኔ ሥራ ጠንካራ ነው" አለ በኩራት።

"ጎሽ። ለእትዬ ማዘንጊያ ወንበር ሥራ። የ... የመጸዳጃ።"

ዐብዲራዛቅ መላጊያውን አስቀመጠ። ጆሮው ቀላ። "እኔ? ለእሳቸው? እንዴት ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ?"

"ዓይናቸውን አትይ። ወንበሩን ሥራ።"

ሠራ። በአራት ቀን ጨረሰው። ምንም አልለካም፤ ለመለካት ቤታቸው መግባት፣ መጠየቅ ይኖርበታል፤ እሱን ደግሞ አፈረ። የራሱን ቁመት አሰበና በዚያ ቆረጠ። ቀዳዳውን በባልዲ አፍ አስምሮ አወጣው። ሃያ አራት ብሎን ገባበት። ሲጨርስ ራሱ ላዩ ላይ ወጥቶ ዘለለበት፤ ወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ከመንገድ ሁለት ጎረምሶች ጠርቶ አሸከማቸውና ከኋላ ከኋላ ሄደ።

እትዬ ማዘንጊያ ከስተዋል። ነጭ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ወንበሩን አዩት፣ እሱን አዩት። ማርቲና ሃሊሞ አቅፈው በቀሚሳቸው እንዳሉ አስቀመጧቸው። እግራቸው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተንጠለጠለ።

"ዐብዲራዛቅ" አሉ።

"አቤት እትዬ።"

"ይሄ ወንበር ነው ወይስ የመኪና ካቢን? ከዚህ ላይ እኮ ጂቡቲ ይታያል።"

ሃሊሞ ሳቋን በሻሿ አፈነች። ዐብዲራዛቅም ሊስቅ ሞከረ። እትዬ ማዘንጊያ ግን አልሳቁም፤ ፊታቸው ተኮማትሯል። "አውርዱኝ፣ አውርዱኝ! ብሎኑ ጭኔን በሳኝ።" ወደ አልጋቸው ከተመለሱ በኋላ ትንፋሻቸውን ሰብስበው እንደገና ጠሩት።

"ልንገርህ? ሌላ ሰው አይነግርህም። እኔ ግን አልጋ ላይ ነኝ፣ ምን እንዳትለኝ እፈራለሁ? ያ የሰጠኸኝ በርጩማ ሁለት ቀሚስ ቀዶብኛል። ከጓሮ ነው ያለው፤ የጤና አዳም ማሰሮ ተቀምጦበታል።"

"እንዴት ያምራል ብለውኝ ነበር እኮ!"

"ስጦታን ሌላ ምን ይሉታል?"

ዐብዲራዛቅ ወንበሩን እዚያው ትቶ ወጣ። ቤቱ እንደደረሰ ሃሊሞን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ጠየቃት።

"እውነቱን ንገሪኝ። የጫማ መደርደሪያውን ትወጅዋለሽ?"

"እወደዋለሁ።"

"ሃሊሞ!"

ሃሊሞ የቀሚሷን ጫፍ አጣጠፈች። "ሁለት ጊዜ ጣቴን ቀጥቅጦኛል" አለች ዝግ ብላ። "ለመጥረግ ስፈልግ ደግሞ አይነሳልኝም።"

"የኢፍራህስ?"

"የኢፍራህ... ግድግዳው አልቻለውም አቦ። ወደቀ። ማንም አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። እንዳትነግሪው ብላ አስምላኛለች።"

ቅስሙ ተሰበረ። ሦስት ቀን ጋራዡን አልከፈተም። ጠዋት ሱቅ ድረስ ሄዶ ይመለሳል፣ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሃሊሞ ልታጽናናው ስትሞክር "ተይኝ" ይላታል። ያ ሁሉ ማሻአላህ አንድ በአንድ እየመጣ ይጠዘጥዘዋል። መስጊድ ሲሄድ የጫማ ማስቀመጫውን ላለማየት በሌላው በር ገባ። ያናደደው ግን ውሸታቸው አልነበረም። ዓይኑ የከዳው መንገድ ላይ ብቻ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰዎችን ፊት ጭምር ሳያይ ኖሯል።

በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ሰፈሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ጥላ ፍለጋ ከአጥሩ ሥር ጋደም ብሏል። ከወዲያ ማዶ መስኮቱ ክፍት ነው። የማርቲ ድምፅ መጣ።

"አንድ ጉንጭ ብቻ እማዬ። ስለ እመቤቴ።"

"አስቀምጪው።"

"ዛሬ ምንም አልጠጣሽም።"

"አስቀምጪው አልኩሽ፣ ልጄ።"

ብርጭቆው ጠረጴዛ ሲነካ ተሰማው። ዐብዲራዛቅ ተነስቶ ልብሱን አራገፈና ጫማውን አደረገ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሱ ግን ባጃጅ ይዞ ወደ ቀፊራ ገበያ ወረደ። እዚያ አካባቢ ጦልሃ የሚባል አናጢ አለ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ የሠርግ አልጋ በመሥራት የታወቀ። ዐብዲራዛቅ መሮና ቫርኒሽ ሲገዛ ያውቀዋል። የእንቅልፍ ሰዓት ስለነበር ጦልሃን ጣውላው ላይ ተጋድሞ አገኘው።

ጦልሃ ነገሩን ሰምቶ ቁጭ አለ። "እኔ ልሥራላት?"

ዐብዲራዛቅ ትንሽ አመነታ። እትዬ ማዘንጊያ ውሃ እንዲጠጡ እንጂ ማን እንደሠራው ምን ቁም ነገር አለው? "ስንት ቀን ይፈጅብሃል?" አለ።

"ሁለት ሠርግ ይዣለሁ። ከአሥር ቀን በፊት እጄ አይፈታም።"

"እትዬ አሥር ቀን አይቆዩም። አስተምረኝ።"

ጦልሃ አየው። ከዚያ ሁለት ቁራጭ እንጨት አነሳ። የአንዱን ጫፍ አቅጥኖ ምላስ አወጣለት፣ ሌላውን በመሮ ቦረቦረው፤ ገጠማቸውና በቡጢው መታ አደረጋቸው። "ይሄ ወንዴ ነው፣ ይሄ ሴቴ። ትንሽ ኮላ፣ ሌላ ምንም። ብሎን ለብረት ነው ወላሂ። እንጨት ከእንጨት ጋር ከተዋደደ ራሱ ይያያዛል። በብሎን ስትወጥረው ግን ይታነቃል፣ ይሰነጠቃል።" ዐብዲራዛቅ ሁለት ቀን እዚያው ተቀምጦ ቁራጭ ሲያበላሽ ዋለ። ዘጠኙን አበላሸ። አሥረኛው ገጠመ።

ከዚያ ሜትሩን ኪሱ ከቶ እትዬ ማዘንጊያ ዘንድ ገባ። በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ተቀየምክ ብዬ ነበር" አሉት።

"ተቀይሜ ነበር። አሁን ልለካ ነው የመጣሁት።"

እትዬ ማዘንጊያ ነጠላቸውን ከእግራቸው ላይ ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ ማርቲን "ተረከዜን ያዥለት" አሏት። ማርቲ ሜትሩን ከተረከዝ እስከ ጉልበት ስትይዝ እሱ ቁጥሩን አንብቦ ካርቶን ላይ ጻፈ። ወርዱንም፣ የክንዳቸውንም ከፍታ እንደዚያው። ሲጨርሱ ማርቲ ሻይ ልታፈላ ወጣች።

"ባሌን ሁለት ዓመት አስታምሜያለሁ" አሉ እትዬ ማዘንጊያ ጣሪያውን እያዩ። "አጥቤዋለሁ፣ አገላብጬዋለሁ። ሁልጊዜ ይቀልድ ነበር። አያፍርም እያልኩ አስብ ነበር። ይቀልድ የነበረው አፍሮ እንደሆነ ለካ አሁን ነው የገባኝ።"

ዐብዲራዛቅ ሜትሩን እያጠቀለለ አቀረቀረ። "እኔ ዓይኔን ተመርምሬ በባጃጅ ስመለስ" አለ፣ "የሚነዳው ልጅ ሲታጠፍ ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጥ ነበር። ፍሬን ፍለጋ። ልጁ ዞሮ አየኝና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።"

እትዬ ማዘንጊያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት፤ የዚያን ቀን ግን አስተያየታቸው የተቆጣጣሪ አልነበረም። "ስማኝ እንግዲህ" አሉ። "እጀታ አድርግለት፣ ወፍራም። ማንም ሳይዘኝ፣ በራሴ ክንድ ተደግፌ መነሳት እፈልጋለሁ። ከላይ ደግሞ ክዳን ይኑረው። ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ወንበር ነው እንዲል፣ ሌላ ነገር እንዳይል።"

"ሌላስ?"

"ጀርባው ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ይበል። ምን ታየኛለህ? ጻፍ እንጂ!"

ጻፈ።

የመጀመሪያውን ወንበር ጎትቶ ወደ ጋራዡ መለሰና ሃያ አራቱን ብሎን ፈታ። ለመቀመጫው ከጦልሃ አንድ የዋንዛ ጣውላ አመጣ። እግሮቹን ከታች ሰፋ አድርጎ አወጣቸው፤ ወንበሩ መሬቱን እንዲይዝ እንጂ እንዲከብድ አልነበረም አሁን የፈለገው። ማዕዘኑን ሁሉ አለሰለሰ። በመዳፉ ዳሰሰው፤ መዳፉ ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት መሪ የያዘ ጠንካራ መዳፍ ስለሆነ አላመነውም። የሃሊሞን የሐር ሻሽ አምጥቶ በእንጨቱ ላይ ጎተተ። ሻሹ ሦስት ቦታ ተያዘ። ሦስቱንም በብርጭቆ ወረቀት ደጋግሞ ፈገፈገ። እንደገና ጎተተ፤ አለፈ።

"ሻሼ ነው ያ?" አለች ሃሊሞ በሩ ላይ።

"ነይ ተቀመጪበት።"

"እኔ?"

"አንቺ እኮ ትዋሺኛለሽ፤ መቀመጫሽ ግን አይዋሽም።"

ሃሊሞ እየሳቀች ተቀመጠች። ወደ ግራ ተነቀነቀች፣ ወደ ቀኝ፣ እጀታውን ተደግፋ ተነሳች፣ እንደገና ተቀመጠች። "ከፊት ያለው ጠርዝ ከጉልበቴ በታች ይጫነኛል" አለች። እሱም ያንን ጠርዝ በመላጊያ ክብ አደረገው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቫርኒሹ ሲደርቅ ለብቻው፣ ማንንም ሳይጠራ፣ በትከሻው ተሸክሞት ሄደ።

ወንበሩን አልጋው አጠገብ አስቀምጦ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። አንዱ እግር ሥር ጣት የማያስገባ ክፍተት ነበር። ቀጭን ሽብልቅ አበጅቶ ከሥሩ አጣበቀበት። ከዚያ ለማንም ምንም ሳይል ወጥቶ ግቢው ውስጥ የኒም ዛፉ ሥር ቆመ። ከውስጥ የማርቲና እሱን ተከትላ የገባችው የሃሊሞ ድምፅ ይሰማል፤ "ያዥ"፣ "ቀስ"፣ "እጀታውን፣ እጀታውን"። ከዚያ ጸጥታ። ዐብዲራዛቅ ዛፉን ተደግፎ መሬት መሬት አየ። ረጅም ሰዓት መሰለው።

በመጨረሻ የእትዬ ማዘንጊያ ድምፅ መጣ፤ ደክሟል፣ ግን የጥንቱ ድምፃቸው ነው።

"ማርቲ! ያ ውሃ የታለ?"

ማርቲ ብርጭቆ ይዛ ከወጥ ቤቱ ስትሮጥ አጠገቡ አለፈች። አላየችውም። እሱም ነጠላ ጫማውን እያንሸራተተ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሃሊሞ ከኋላው ደርሳ ክንዱን ያዘችው።

እትዬ ማዘንጊያ በዚያ ሳምንት መጠጣት ብቻ ሳይሆን መብላትም፣ ማዘዝም ጀመሩ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ በብረት መደገፊያ ሦስት እርምጃ ተራመዱ። ነሐሴ ላይ በረንዳ ወጡ። ዐብዲራዛቅም የሠራውን ሁሉ ከየቤቱ መሰብሰብ ያዘ። "አምጡ፣ ላስተካክለው" ይላል፤ ሰዎቹ "ኧረ ደህና ነው፣ ማሻአላህ!" ሲሉት "አውቃለሁ፣ አምጡ" ይላል። አንዳንዱ ከጓሮ፣ አንዳንዱ ከአልጋ ሥር ወጣ። የአንድ ጎረቤቱ በርጩማ የዶሮ ቤት በር ደግፎ ቆሞ ተገኘ። እያንዳንዱን ፈትቶ፣ አቅልሎ፣ በወንዴና ሴቴ አጋጥሞ ይመልሳል። ከመመለሱ በፊት ግን ወደ በረንዳው ይወስደዋል። እትዬ ማዘንጊያ እዚያ ሆነው ያገላብጡታል።

"ይሄኛው እግሩ ሸፋፋ ነው" ይላሉ።

"አየሁት።"

"አየሁት ካልክ ለምን አመጣኸው?"

አንዳንድ ቀን እንደዚያ ተጨቃጭቀው ይለያያሉ። የኢፍራህ መደርደሪያ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፤ አሁንም ትንሽ ዘንበል ያለ ነው። ኢፍራህ ግን በዚህ ጊዜ ራሷ ደውላ "አባዬ፣ ዘሟል" ብላ ነገረችው። ዐብዲራዛቅ ስልኩን ዘግቶ ለሃሊሞ "ነገረችኝ እኮ!" አላት፤ እንደ ምሥራች ነበር ያወራላት።

እትዬ ማዘንጊያ ወንበሩ ሳያስፈልጋቸው ሲቀር ማርቲ በሳሙና አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ መለሰችለት። ብዙም ሳይቆይ ሃሊሞ ወተት የምትገዛት ቢሻሮ የምትባል የዋሂል ገጠር ሴት ስለ ወንበሩ ሰማች። እናቷ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ ሜዳ መውጣት አቅቷቸዋል። ዐብዲራዛቅ ወንበሩን በፒክአፕ ጭኖ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቦ፣ ከጭነቱ ጋር ከኋላ ተቀምጦ ሄደ። ሹፌሩ ጋቢና ግባ ቢለው እምቢ አለ። ነፋሱ ፊቱን ይመታዋል፣ የመንገዱን ጠመዝማዛ ሁሉ ሳያይ ያውቀዋል።

የቢሻሮ እናት አጭር፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የሚያበራ አሮጊት ናቸው። ወንበሩን ከቤታቸው ግድግዳ አጠገብ አስቀመጠላቸው። ዞረው ዞረው አዩት፣ ተቀመጡበት፣ ተነሱ። ከዚያ በሶማሊኛ ረጅም ነገር ተናገሩ።

"ምን አለች?" አለ ሹፌሩ ከበር ላይ።

"ጥሩ ነው አለች። ግን ጀርባውን አልወደደችውም" አለ ዐብዲራዛቅ። "ሰባ ዓመት ግድግዳ ተደግፌ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ይሄ ጣውላ ከግድግዳዬ ለየኝ ነው የምትለው።"

"ታዲያ ምን ትላታለህ? ያን ያህል የደከምክበትን!"

አሮጊቷ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው መልሱን ይጠብቃሉ። ዐብዲራዛቅ አጠገባቸው ቁጢጥ አለና በቋንቋቸው ጠየቃቸው፦ ጀርባው ሙሉ በሙሉ ይነሳ ወይስ እስከ ወገብ ይቅር? እሳቸው በእጃቸው ጠርዝ ወገባቸው ላይ መስመር አሰመሩ። እሱም እርሳሱን ከጆሮው ሥር አውጥቶ እዚያው ላይ ምልክት አደረገ፣ ቦርሳውን ከፈተና መጋዙን አወጣ። ቢሻሮ ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘችለት።